ኮራሉና የአማት መስኮት

ሃርትሙት ዕድሜውን በሙሉ በብሬመን ከተማ የከተማ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ልቡን ለባሕር ሰጠ። ባሕሩ ያለው እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ ከሳሎኑ ሌላ ደረጃ በማይወጣበት ብቸኛ ክፍል ሲሆን ስፋቱ አንድ አልጋ ያህላል። ይህን የአልጋ ነገር ልብ በሉ፤ ጠቡ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ጨዋማ ውሃ፣ ጥቂት ዓሦችና ኮራሎች አሉ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው፣ ያውም ሆደ ባሻ ፍጡር ነው። ከሁሉም የባሰችው ሐምራዊ ጫፍ ያላት ቅርንጫፋም ኮራል ነበረች፤ ሃርትሙት ሮስቪታ ብሎ ስም አውጥቶላታል። መብራቱ በረታ ብላ ታኮርፋለች፤ ውሃው ሞቀ ብላ ታኮርፋለች። ሚስቱ ሃይከ በትዳር ዘመኗ የሮስቪታን ሩብ ያህል እንኳ አኩርፋ አታውቅም፤ ብታኮርፍም የሚያያት አልነበረም።

በዚያ ዓመት ብርዱ ሲገባ ሃርትሙት የክፍሏን መስኮት መክፈት ተወ፤ ብዙም ሳይቆይ የሮስቪታ ቀለም ደበዘዘ፣ እድገቷም ቆመ። ሃርትሙት ነፋስ መታት ብሎ ደመደመ። የመስኮቱን ክፍተት ሁሉ በላስቲክ አሸገና "ከእንግዲህ በዚህ ቤት መስኮት የሚከፍት ከእኔ ጋር ተጣላ!" ብሎ አወጀ። በዚያ አገር ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። ጀርመናዊ በረዶ ቢወርድም ጠዋት ተነስቶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ካልከፈተ ቀኑ የነጋ አይመስለውም።

የሃይከ እናት አደልሃይት የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው። ዳሌያቸውን ታመው አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታቸው መውጣት ስላቃታቸው ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኙ ነበር። ሃይከ የእናቷን ማቃሰት ስትሰማ ሰነበተችና ፍርዷን ሰጠች።

"ስማ ሃርትሙት፤ ያቺ እመቤትህ እስከ ፋሲካ ካላገገመች ገንዳው ይሸጣል፣ ክፍሉ ለእናቴ ይሆናል።"

"ካገገመችስ?"

"ካገገመችማ እናቴን መጦሪያ ቤት እወስዳታለሁ። ምን አደርጋለሁ?" አለች ወደ ሶፋው እያየች።

ሃርትሙት እንቅልፍ አጣ። ከገንዳው ጎን ያለችው መለኪያ የውሃውን ሙቀትና ኮምጣጣነት ታሳያለች። ሙቀቱ ደህና ነው፤ ውሃው ግን እየኮመጠጠ ሄደ። ኮምጣጣነት የሚቀንስ ዱቄት ጨመረ፣ ውሃ ቀየረ፣ ማጣሪያ አጠበ፤ ወይ ፍንክች።

አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ የገንዘብ ቦርሳውን ረስቶ ሲመለስ፣ ላስቲኩ ተልጦ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ፣ አማቱ በካፖርት ተጀቡነው ቆመው አገኛቸው።

"እማማ! ልትገድሏት ነው?"

"ኧረ ወዲያ! ቤትህ አሮጌ ካልሲ አሮጌ ካልሲ ይሸታል። አየር ገደለው የተባለ ፍጡር እስካሁን አልሰማሁም።"

"ቆይ ብቻ! ለሃይከ ማስረጃውን አሳያታለሁ!" ብሎ ወደ መለኪያው ሮጠ።

ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም፤ ማሞቂያው ይዞታል። ኮምጣጣነቱ ግን ቀንሷል። ሃርትሙት መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ያኔ ገባው። የሦስት ሰው ትንፋሽ ታሽጎ መሄጃ ሲያጣ ውሃው ውስጥ እየገባ ነበር የሚያኮመጥጠው። ሮስቪታን ሲያፍናት የከረመው እሱ ራሱ ነው።

ይህን ለአማቱ ከሚናገር ምላሱን ቢውጥ ይመርጣል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። በየጠዋቱ "መስኮቱን እንዳትነኩ!" ብሎ ቤቱን በጩኸት ያናውጥና ይወጣል፤ አደልሃይት የተከለከሉትን ሳያደርጉ እንደማይውሉ ያውቃል። መንገዱ ማዶ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ይቆምና መስኮቱ ሲከፈት ካየ በኋላ እፎይ ብሎ ወደ ዳቦ ቤት ይሄዳል።

ፋሲካ ደረሰ። ሮስቪታ ሐምራዊ ቀለሟ ተመልሶ አዲስ ቅርንጫፍ አወጣች። ሃይከ አየቻት፤ የእናቷንም ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረደች። አሮጊቷ ያንኑ ሹራብ እያጠፉ መልሰው ይዘረጉት ነበር። ሃርትሙት አሸነፍኩ ብሎ ሊደሰት ሲጠብቅ አሮጊቷ አሳዘኑትና ሻንጣውን ዘጋው።

"አይሄዱም" አለ።

"ምን አልክ?" አለች ሃይከ።

"ሮስቪታን ያዳኗት እማማ ናቸው። መስኮቱን እየከፈቱ ነው ያዳኗት። እኔማ አፍኜ ልገድላት ነበር።"

አደልሃይት ሹራቡን ጣሉት። "እኔ? እኔ ነኝ ያዳንኳት?" ፊታቸው ቀላ። "እኔ እኮ መስኮቱን የምከፍተው በብርድ ድርቅ ብላ እንድትሞትልኝ ነበር!"

ቀድማ የሳቀችው ሃይከ ነበረች፤ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

"ሲጠሏት እንዲህ ካማረባት ቢወዷትማ ጣሪያ ትነካ ነበር" አለ ሃርትሙት።

በዚያው ቀን ጠረጴዛውና ተቀምጦ ሮስቪታን የሚያይበት ሰፊ ወንበሩ ከክፍሉ ወጡና ከገንዳው ጎን ጠባብ አልጋ ገባ። ለካ ሲያጣላ የከረመው ቦታ ያ ወንበር የያዘው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሃርትሙት አንኳኩቶ ገባና መስኮቱን ወለል አደረገው።

"ኧረ ዝጋው!" አሉ አደልሃይት ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው። "ሰው ልትገድል ነው እንዴ?"

"አየር ገደለው የተባለ ፍጡር እስካሁን አልሰማሁም፣ እማማ" አለና ዳቦ ሊገዛ ወጣ።