አዲስ ተብሎ የተጻፈው ላሜራ

ወልደየስ ትሬቨርን የናቀው ገና ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋለት ነው። የጋራዥ ኃላፊ ነኝ የሚል ሰው፣ ጥፍሩ ሥር አንዲት ጥቁር ነገር የለችም። ይሄ ብሎን ፈትቶ አያውቅም አለ በልቡ።

መኪናዋ የተገጨችው በመጋቢት ነበር። ወልደየስ ካልጋሪ ካለው ሰፈሩ ከስካይቪው ራንች ተነስቶ ኮክረን ከተማ፣ በጥገና ሠራተኝነት ወደሚሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሲሄድ፣ ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ በረዶ ያንሸራተተው ፒክአፕ ከኋላ መጥቶ ደረገመው። ሹፌሩ ወርዶ አየት አደረገና፣ "ምንም አልሆነም፣ ጭረት ነው" አለ። ወልደየስ አልተከራከረውም፤ ክርክር የሚገባው ሰው መስሎ አልታየውም። ሁለቱንም መኪኖች ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳ፤ የሰውየውን ታርጋ፣ መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀትም እንዲሁ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አስመዘገበ፣ አንገቱን ስላመመው ሐኪም ዘንድ ደረሰ፣ በመጨረሻም ኢንሹራንሱ ጋ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ "ከእኛ ጋር የሚሠራ ጋራዥ አለ፣ እዚያ ውሰዳት" ስትለው እሺ አለ። በኋላ ራሱን የታዘበው በዚህች እሺታው ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጠናቃለች ተብሎ ሲጠራ ልጁን ናሆሚን ይዞ ሄደ። ናሆሚ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ጥርስ ክሊኒክ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። የእሱ እንግሊዝኛ ለሥራ ይበቃዋል፤ ለጭቅጭቅ ግን አይበቃውም።

መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ መስታወት መስላ ቆማለች።

"ዋው አባዬ፣ ላይክ፣ አዲስ ሆናለች" አለች ናሆሚ።

ወልደየስ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት የመኪና ላሜራ ሲያቀና ኖሯል፤ ሲያብረቀርቅ ያየውን ነገር ሁሉ መጠርጠር ልማዱ ነው። ጎንበስ ብሎ የኋላ ኮፈኑን ክፍተት አየ። በግራ በኩል ጣት ያስገባል፣ በቀኝ በኩል ወረቀት አያሳልፍም። ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አወጣና በቀኙ ጎን ላይ አስጠጋት፤ ተጣበቀች። በግራው ላይ አስጠጋት፤ ወደቀች።

"ስቱኮ ነው" አለ። "ብረቱን ሳያቀኑ በስቱኮ ሞልተው ቀለም ቀብተውበታል።"

ኮፈኑን ከፍቶ ምንጣፉን አነሳ፣ ትርፍ ጎማውን፣ ስኮርታውን፣ አወጣ። የስኮርታው ማስቀመጫ እንደ ተጨመቀ ጣሳ ተጨማዷል፤ ላዩ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቀለም ተነፍቶበታል።

"ለዚህ ሸሚዝ ለባሽ ንገሪልኝ" አላት። "ወለሉን አልነኩትም። እንዲህ ያለ ሥራ ለዶሮ ቤት እንኳ አይሆንም በይው።"

ናሆሚ ወደ ትሬቨር ዞረችና በእንግሊዝኛ፣ "አባቴ ስለ ወለሉ ትንሽ ጥያቄ አለው" አለችው።

"እንደዚያ ነው ያልኩሽ?"

"አባዬ፣ ፕሊዝ። ሩድ መሆን አያስፈልግም።"

ትሬቨር ፈገግ አለ። ጆሮው ለሚከብደው ሰው እንደሚናገር ድምፁን ከፍ፣ ቃላቱን ዘርዘር አድርጎ፣ ዘመናዊ መኪና በናንተ አገር እንደሚደረገው በመዶሻ አይጠገንም፣ እኛ በኮምፒውተር ነው የምንሠራው አለ። ናሆሚ ይህን አልተረጎመችም፤ ወልደየስም ትርጉም አላስፈለገውም።

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የሥራ ዝርዝር አነሳና በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንዱ መስመር ላይ የኋላ ወለል ላሜራ በአዲስ ተቀይሯል ይላል።

"አሮጌው የት አለ?" ብሎ ራሱ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

"ተጥሏል።"

"አልተጣለም። እዚያ ውስጥ ነው፣ አሳይሃለሁ።"

የትሬቨር አንገት ቀላ። ሠራተኞቹ ሥራ ላይ መሆናቸውን፣ መኪናዋን ለመረከብ እዚህች ጋ መፈረም ብቻ እንደሚቀር ተናገረ። እስክሪብቶም አቀበለው።

"አልፈርምም" አለ ወልደየስ፤ እስክሪብቶውን አልተቀበለውም። ወረቀቱንና ወለሉን ፎቶ አንስቶ መኪናዋን እዚያው ትቶ ወጣ።

በናሆሚ መኪና ሲመለሱ ልጅቱ፣ "ኮፈኑን ሳትከፍት እንዴት አወቅህ?" አለችው።

"ሠርቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ይሄንኑ። ወጣት ሆኜ፣ የአንድ አስተማሪ መኪና ነበረች። አለቃዬ ቶሎ በል አለኝ፤ መኪናዋን የሚሸከመው ሻንሲ እንደታጠፈ በስቱኮ ሸፈንኩት። ሰውየው እጄን ጨብጦ አመስግኖኝ ሄደ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ የሆነውን አላውቅም። ተመልሶ አልመጣም።" ወልደየስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ይሄን ሰው የምንቀው ስለማላውቀው አይደለም፣ ናሆሚ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወዳጁ ባርናባስ ነገሩን ሰምቶ ሳቀበት። "ታብረቀርቅ የለ እንዴ? ምን አደከመህ። ተረከባትና ለአንዱ አዲስ ለመጣ ሰው ሽጣት።"

"የሚገዛው ሰው ልጆቹን ከኋላ ወንበር ነው የሚያስቀምጠው" አለ ወልደየስ። "እንደገና ብትገጭ ያ ወለል አይመክትላቸውም።"

"አንተ ደግሞ ነገር ታከርራለህ።"

ወልደየስ ትከሻውን ይዞ ሊያስረዳው ፈልጎ ነበር፤ የባርናባስን የሚያብረቀርቅ ጫማ አየና ተወው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን ከሩቁ አደረገበት።

ሰኞ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ ፎቶዎቹን ላከ፤ ጉዳቱን ከጋራዡ ውጭ የሆነ ሰው እንዲያይለት በጽሑፍ ጠየቀ። በሳምንቱ አንዲት ገምጋሚ ተላከች። ጃኬቴን ጭቃ ይነካዋል ሳትል መኪናዋ ሥር ገባችና ለካች፤ ወልደየስ በዚያ ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያየ መሰለው። ወለሉ ከቦታው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተገፍቷል፤ የኋላ ካሜራውም አልተስተካከለም። ትሬቨር አጠገቧ ቆሞ ስለ አየሩ ያወራል። እሷ የለካችውን ትጽፋለች።

ኢንሹራንሱ ጋራዥ ራስህ ምረጥ አለው። ወልደየስም ኢንተርናሽናል አቬኑ ከሚባለው ጎዳና ጀርባ የአንድ ቬትናማዊ ጋራዥ አገኘ፤ መቀመጫ የሌለው፣ ግድግዳው ጥላሸት የጠገበ። ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በሥራ ላይ ያለ የሌላ ሰው መኪና አስከፍቶ ብየዳውን አየ። ከዚያ ብቻ ነው ቁልፉን የሰጠው፤ ያውም እያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ እንዲነሳና ዋስትናው በጽሑፍ እንዲሆን አስማምቶ።

አምስት ሳምንት ፈጀ። ወልደየስ ሊረከብ ሲሄድ ምንጣፉን አነሳ፣ ስኮርታውን አወጣ፣ አዲሱን ወለል በመዳፉ ዳሰሰ። ባለጋራዡ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይጠብቀዋል። ወልደየስ ጥግ ላይ ቀለሙ የሳሳበት ቦታ አገኘና በጣቱ አመለከተው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ፤ "ልክ ነህ" አለና ብሩሹን ሊያመጣ ገባ።