የተቃናው መስመር

ልብስ ሰፊው አሥራ ዘጠነኛውን የጨረር ቀን ሲጨርስ፣ ከሰውነቱ ያልደከመ ነገር ቢኖር ምላሱ ብቻ ነበር፤ እሷም ብትሆን እንደ ድሮው አትቆርጥም። ሲጀምር ሐኪሙ «ሠላሳ አምስት ቀን ነው» ብሎታል። ሠላሳ አምስት ቀን ለሚናገረው ሰው አፍ ውስጥ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ለሚኖረው ሰው ግን በየቀኑ በሁለት ታክሲ መሄድ፣ በሁለት ታክሲ መመለስ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሱሪን ዝቅ አድርጎ በልጁ ዕድሜ ባለች ሴት ፊት መጋደም ነው።

ካንሰሩ የተገኘው ፕሮስቴቱ ላይ ነው። ሐኪሙ በወረቀት ስሎ፣ «ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች ትንሽ እጢ ናት» ብሎ ሲያሳየው፣ ልብስ ሰፊው ሥዕሉን በጣቱ ለካና፣ «የካፖርት ቁልፍ ታክላለች። ለዚህች ነው ይህ ሁሉ ሰልፍ?» አለ። ሐኪሙ ሳቀ። እሱ ግን ቀልድ መናገሩ አልነበረም።

ከጨረሩ በፊት መርፌው ነበር። ሆርሞን የሚያደርቅ ነው የተባለው ያ መርፌ ጡንቻውን አልፈስፍሶ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከውስጥ የሚነሳ እሳት ለቆበታል። እሳቱ ሲነሳበት መቀሱን ጥሎ፣ ሸሚዙን ፈቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያለከልካል። ሠላሳ ዓመት አብራው ዘምዘማት ስትዘመዝምና ቁልፍ ስትተክል የኖረችው ሚስቱ መጀመሪያ ቀን አይታ አላለፈችውም።

«እንኳን ደህና መጣህ!» አለችው ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ። «እኔ የወር አበባዬ ቆሞ በዚህ እሳት ስነድ፣ መስኮት ከፈተች ዘጋች እያልክ ስትነጫነጭ የነበርከው ሰውዬ አንተ አይደለህም?»

«ያኔ የምትቀልጂ መስሎኝ ነበር እንጂ እውነት መሆኑን መች አወቅሁ።»

«አሁንማ እህቴ ሆነሃል።»

ያን ቀን ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አሁን ግን ሳቁም አልቋል። ምሽት ላይ እህል ሳይቀምስ ይተኛል፣ ሽንት እያቃጠለ ይቀሰቅሰዋል፣ ጠዋት ሲነሳ ያልተኛ ይመስላል። ደንበኞቹ ልብሳቸውን ለመጠየቅ ይመጡና ፊቱን አይተው፣ «ግዴለም፣ አይቸኩልም» ብለው ይመለሳሉ። ይህ ደግሞ ከበሽታው በላይ ቆሽቱን ያሳርረዋል። በሠላሳ ዓመት አንድ ሰው እንኳ «አይቸኩልም» ብሎት አያውቅም ነበር።

እንዲያ ሆኖ ግን ከጨረሩ አንድ ቀን አልቀረም። ደግፎ ያቆመው ቁጥሩ ነው። አሥራ ስድስት ቀረ፣ አሥራ ስድስት ብቻ። ባለፈው ሳምንት ግን አብሮት ወረፋ የሚጠብቀው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ስለ አንድ መምህር ነገረው። መምህሩ ገላውን ሲታጠብ ሰውነቱ ላይ የተሠመረለትን የጨረር ምልክት አጠበው። ፕላንህ እንደገና ይሠራ ተባለ፤ አሥር ቀን ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ያየው የለም።

ልብስ ሰፊው ቤቱ እንደገባ ለሚስቱ ቁርጡን ተናገረ። «ስሚ፣ በነዚህ ቀኖች ላይ አንድ ቀን ቢጨመርብኝ አልመለስም። ያለኝን ጉልበት በልክ ነው የቆረጥኩት፤ ትርፍ ጨርቅ የለኝም።»

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መርፌዋ ውስጥ ሌላ ክር ከተተች። 

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሲቀይር የእሱም ምልክት መደብዘዙን አየ። በሰውነቱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሠመሩ ሦስት ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ዳሌው። ማሽኑ የሚነጣጠረው በእነሱ ነው። የግራው በላብ ጠፍቷል። በደንብ ላፈጠጠ ሰው ብቻ የሚታይ ጭላንጭል ቀርቷል።

«ንገሩን ብለዋል» አለች ሚስቱ። «ቢደበዝዝ ንገሩን፣ ራሳችሁ እንዳትነኩት ብለዋል። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ብነግራቸው እንደ መምህሩ ሊያደርጉኝ ነው።»

«አንተ ሰውዬ!»

«መስመር ነው እኮ! በዚህ ቤት ውስጥ መስመር የማያውቅ ማን አለ?»

ይህን ብሎ ጨርቁን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አነሳና ራሱ ተጋደመበት። ሚስቱ አየችው። ስንት ሱፍ፣ ስንት የሙሽራ ልብስ በተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ ባሏ ጎድኑ ተቆጥሮ፣ ሱሪው ከዳሌው ወርዶ ተኝቷል። ከልብስ የማይለቀውን ሰማያዊ እስክሪብቶ አነሳች፣ መነጽሯን አደረገች፣ አጎንብሳ ጭላንጭሉን ፈልጋ ነካችው።

«እዚህ ጋ ነው።»

እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ደንበኞች የሚለኩበትን ትልቅ መስተዋት ተመለከተ። «ቆይ፣ ቆይ። ከቀኙ ጋር እኩል አይደለም። ሁለት ጣት ወርዷል።»

«ዱካው ያለው እዚህ ነዋ!»

«ቸኩለው አጣመውት ነው። ልጆች ናቸው። ማስመሪያውን ከቀኙ ጀምረሽ አቃኚው።»

«እነሱ የሠሩትን…»

«ሠላሳ ዓመት ጠማማ መስመር ከዚህ ቤት ወጥቶ ያውቃል? እኔ ላይ ይውጣ?»

ረጅሙን የእንጨት ማስመሪያ ሆዱ ላይ አጋደመችና ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ አሠመረች። ቀጥ ያለ መስመር ነበር። በመስተዋቱ ሲያየው፣ ከስንት ሳምንት በኋላ የራሱን ሥራ ያየ መሰለውና ደስ አለው። «እንዲህ ነው እንጂ» አለ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ እንደ ደንቡ አንድ ሊትር ውኃ ጠጣ። ጨረሩ የሚሰጠው ፊኛ ሞልቶ ነው። ጡረተኛው ሾፌር ከወንበሩ ሆኖ ጠራው።

«ታንከሩ ሞላ?»

«እስከ አፉ።»

«ጠበቅ አድርጋት። ከፊታችን አንዲት እናት አለች፣ ገና አሁን ነው የገባችው። እኔ ባለፈው ኮሪደሩ ላይ ነዳጅ አፍስሻለሁ።»

«አንተማ ድሮም ፍሬን አልነበረህም።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ታቅፋ ከጎናቸው ተቀምጣለች። በሌላ ቀን በዚህ ቀልድ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች። ዛሬ መሬት መሬት ታያለች።

የጨረር ባለሙያዋ አንድ ጊዜ እንኳ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ወጣት ሴት ናት። አስገባችው፣ በጠንካራው አልጋ ላይ አስተኛችው፣ ሱሪውን ዝቅ አደረገችለት፣ መብራቱን ቀነሰች። ቀያይ የብርሃን ክሮች ከግድግዳው ወጥተው ሰውነቱ ላይ አረፉ። ክሮቹ በምልክቶቹ ላይ መግጠም አለባቸው። የሆዱ ገጠመ። የቀኙ ገጠመ። ግራው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አባባ፣ ዛሬ ተጣመው ነው የተኙት።»

«ተጣምሜ አላውቅም።»

ወገቡን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ገፋችው። የግራው ሲገጥም የቀኙ ለቀቀ። መለሰችው። እንደገና ገፋችው።

«ይህን ምልክት የነካው ሰው አለ እንዴ?»

«ማን ይነካዋል?» አለ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። ውሸት ሲናገር ደንበኛ ፊት የሚያደርገው ነው፤ «ነገ ይደርሳል» ሲልም ጣሪያ ጣሪያ ነው የሚያየው።

ባለሙያዋ ከጉልበቱ ሥር ያለውን ትራስ አስተካከለች፣ ዳሌውን ጠምዘዝ አደረገችና ሦስቱንም እንደ ምንም አገጣጠመች። «እንደዚሁ ይቆዩልኝ። ፎቶ አንስተን እናያለን» ብላ ወጣች። ወፍራሙ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ማሽኑ መጉረምረም ጀመረ። ልብስ ሰፊው ብቻውን ቀረ፤ ፊኛው ተወጥሯል፣ ወገቡ ተጠምዝዟል። ተጠምዝዞ መተኛቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲለካ ኖሯል። ሁለት ዳሌው እኩል የሆነ ሰው አንድ ቀን አላጋጠመውም፤ የሁሉም አንዱ ይወርዳል። ሰውነት ጠማማ ነው፣ ቀጥ የሚለው ልብሱ ነው። ይህን ለስንቱ ተለማማጅ አስተምሯል! ዛሬ ጠዋት ግን በራሱ ገላ ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ልጆቹ አላጣመሙትም። እሱ ራሱ ነው ጠማማው።

ዝም ቢል? ፎቶው ያሳያቸው ይሆናል፤ ላያሳያቸውም ይችላል። ዝም ቢል ዛሬ ሃያ ይሞላል። ቢናገር ግን ያ ቀን መጨመሩ ነው። በተሳሳተ መስመር ላይ መቀስ ሲያርፍ ስንት ጊዜ አይቷል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ተመልሶ አይገጥምም። ማሽኑ በጎኑ ዞሮ መጣና ቆመ።

እጁን አነሳ።

«አባባ፣ አይንቀሳቀሱ!» አለ ከጣሪያው የመጣው ድምጿ።

«ተይው! ልጄ፣ ተይው! መስመሩን እኔ ነኝ ያቃናሁት!»

ማሽኑ ዝም አለ። በሩ ተከፈተ። ገብታ ከራስጌው ቆመች።

«በምን አቃኑት?»

«በማስመሪያ።»

ከንፈሯ ሊስቅ ነበር፤ ነከሰችው። «አባባ፣ እኛ እርስዎን ከነጠማማነትዎ ነው የምንፈልግዎ። ፕላኑ የተሠራው በዚያ ነው። ማን ረዳዎት?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

የግራ ዳሌውን አየች፣ እጁን አየች፣ አልተከራከረችም። አዲስ ፎቶ በስካነሩ መነሳት እንዳለበት፣ ለዚያ ከሐሙስ በፊት ቦታ እንደሌለ፣ የቀሩት ቀኖችም በዚያው ልክ እንደሚዘገዩ ነገረችው። ሁሉንም በለሰለሰ ድምፅ ነው የነገረችው። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ጨረስክ?»

«አልጀመርኩም።»

ነገሩን በሦስት ቃል ነገራት። አፏን ከፈተች፤ «ነግሬህ ነበር» ልትል እንደሆነ አወቀ። ጠበቀ። አላለችም። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለችና ቦርሳዋን እግሯ ሥር አስቀመጠች።

«እኔስ ብሆን ለምን እሺ አልኩህ?» አለች። «ደክሞኝ ነው። አንተ ብቻ የደከመህ ይመስልሃል።»

አጠገቧ ተቀመጠ። እንዲህ ብላው አታውቅም ነበር፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም።

«አንድ ቀን ቢጨመር አልመለስም ብለሃል» አለች ፊቷን ሳታዞር። «አልጎትትህም። የሚጎትት ጉልበት የለኝም። ቁርጡን ግን አሁን ንገረኝ፤ ቤት ከገባን በኋላ አይደለም።»

ድሮ ቢሆን አንድ ነገር ብሎ ያስቃት ነበር። አሁን የሚፈልገው ቤቱ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ነው፤ ሐሙስም ይመጣል፣ ያልፋል።

ባለሙያዋ ካርዱን ይዛ መጣች። «ሐሙስ ሁለት ሰዓት ይድረሱ። ክፍት ቦታ ከተገኘ ከዚያም በፊት እንጠራዎታለን። የሚደወልበት ስልክ የእርስዎ ነው?»

ልብስ ሰፊው ካርዱን አየው፣ ሚስቱን አየ።

«የእኔን አትጻፊ» አለ። «እኔ ላላነሳው እችላለሁ። የእሷን ጻፊው፤ እሷ ታነሳዋለች።»

ባለሙያዋ ወደ ሚስቱ ዞረች። ሚስቱ ቁጥሩን መናገር ጀመረች፤ መሃል ላይ ተሳሳተችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።