ያልተቆጠሩት የአኒስ ቃላት

ዜሮ አለች፣ ማዳም ሀኪማ ለዶክተሯ ዜሮ አለቻት፣ አኒስ ሃያ ወር ሞልቶት አንድም ቃል የለውም፣ በሶማሊኛም በፈረንሳይኛም፣ ዶክተሯም ጻፈችው፣ እኔ በሩ ሥር የዳይፐር ቦርሳ አቅፌ ቁጢጥ ብያለሁ፣ ኧረ እንዴት ሆኖ ዜሮ፣ ዛሬ ጠዋት ውሃ ብሎኝ ሰጠሁት፣ ጠጣና አለቀ አለኝ፣ ኩባያውን ገልብጦ አሳየኝ ደግሞ፣ ተንኮለኛ።

ዝም በይ ውቢት፣ እላለሁ ለራሴ።

የተቀጠርኩ ቀን ነው የነገረችኝ፣ ልጁን በፈረንሳይኛ ብቻ አናግሪው፣ አለበለዚያ ዝም፣ እሺ ማዳም አልኩ፣ የእኔ ፈረንሳይኛ ብላ፣ ና፣ ተኛ ነው፣ በሦስት ቃል ልጅ ያድጋል እንዴ፣ እሷ ጠዋት ወደብ ቢሮዋ ትሄዳለች፣ ራስ ዲካ ሰፈር ያለው ቤት ለእኔና ለእሱ ይቀራል፣ ድንች ስልጥ ትልቁን ከትንሹ ለይቶ ይደረድርልኛል፣ ደረጃውን በቂጡ ይወርዳል፣ ሲወድቅ ከአፌ የሚወጣው እኔን ነው፣ ሌላ ምን ልበል፣ ባለፈው ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቢላ ሲቆርጠኝ መጥቶ ጣቴን ያዘና እኔን አለኝ፣ እሱ፣ ለእኔ! በደስታ ልሞት ነበር፣ ለማን ልንገር፣ ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ በስልክ አወራሽ ተብላ በአንድ ቀን ነው ወደ ድሬዳዋ የተሸኘችው።

ጆሮው ይመርመር ትላለች ዶክተሯ። ደህና ከሆነም አእምሮው።

አእምሮው? የማን፣ የእኔ ድንች ለዪ? ማዳም ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታለቅሳለች፣ ይቺ ኩሩ ሴትዮ፣ ኧረ በቃ፣ ብባረር ልባረር፣ እግሬ ሳይነግረኝ ቆሜያለሁ፣ በተሰባበረ ሶማሊኛዬ፣

ማዳም፣ አኒስ ይናገራል። በአማርኛ ነው።

ዓይኗ እኔ ላይ፣ ቀይ፣ ከመቼ ጀምሮ ትለኛለች፣ ሊያልቅልኝ ነው፣ ሻንጣዬ አልጋ ሥር ነው፣ አኒስ ግን ከጭኗ ላይ ቀና ብሎ እንባዋን ያያል፣ መዳፉን ጉንጯ ላይ ያደርጋል።

እኔን ይላታል።

ምን አለኝ ትለኛለች፣ ቀስ ብላ፣ እንዴት ብዬ በሶማሊኛ ልበለው፣ በአንቺ የመጣ በእኔ ይምጣ ነው ያለሽ እላታለሁ፣ አልተቆጣች፣ አልሳቀች፣ ቦርሳዋን ካጠገቧ ወንበር ላይ አንስታ ተቀመጪ ትለኛለች፣ ሁሉንም ንገሪያት።

ዶክተሯ ዜሮውን ሰርዛ ብዕሯን ታነሳለች፣ እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ውሃ፣ እምቢ፣ እንካ፣ ድመት፣ የኔ፣ ቀስ በይ ትለኛለች፣ ኧረ በየት በኩል ቀስ ልበል፣ ጫማ፣ ሂጂ፣ እኔን፣ ትኩስ፣ አለቀ፣ አሥሩም ጣቴ ሞላ፣ ገና አልጨረስኩም፣ ማዳም የራሷን እጅ ዘርግታ ጭኔ ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ አውራ ጣቷን እይዛለሁ፣ አሥራ አንድ።