ኦኪናዳ ከውድድር የወጣበት ዕለት

የዚያ ዓመት የናጎያ የሱሞ ትግል ውድድር ከመነሻው ዕረፍት የሚነሳ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሙቀቱ ጀምበር ከጠለቀችም በኋላ አይበርድም። ባረፍንበት የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ዛፎቹ ላይ የሰፈሩት ነፍሳት ጎህ ሳይቀድ መንጫጫት ይጀምራሉ። ዮኮዙናው፣ የታጋዮች ሁሉ የበላይ፣ ገና በመክፈቻው ማግስት ወገቡን ይዞ ወጣ። ከእሱ በታች ያለው ደግሞ ትከሻው ወልቆ ተከተለው። ከዚያ በኋላማ ማን ይቁጠረው፤ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ በየቀኑ «እገሌ በጉዳት ምክንያት ዛሬ አይጋጠምም» ይላል፣ ሕዝቡም ፊቱን እያራገበ «እህ» ብሎ ይተነፍሳል።

እኔ ቺሳቶ እባላለሁ፤ የኢሶሚኔ ቤት መምህር ሚስት ነኝ። ባለቤቴ በጉብዝናው ዘመን ራሱ የሱሞ ታጋይ ነበር፤ አሁን ጎረምሶች ሰብስቦ ያሠለጥናል። እሱን «መምህር» ይሉታል፣ እኔን «እትዬ»። ሲታመሙ ሐኪም ቤት የምወስዳቸው፣ ሲያኮርፉ የማባብላቸው፣ ከእናቶቻቸው ጋር የማወራው እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ሲወድቅ እያየሁ እንጀራዬን የምበላ ሴት ነኝ ማለት ይቻላል። ለምዶብኛል ብዬ ግን አልዋሽም።

ያን ጊዜ ከቤታችን ልጆች ደሞዝ የሚከፈለው አንድ ብቻ ነበር፤ ኦኪናዳ። እናቱ ያወጣችለት ስም ሹንጂ ነው፤ የኦኪ ደሴት ሰው፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ሠላሳውን የተሻገረ ዝምተኛ። ሱሞ ውስጥ ከላይኞቹ ሁለት እርከኖች በታች ያለ ታጋይ ደሞዝ የለውም፣ የራሱ ክፍል የለውም፤ ሚስት አግብቶ ወጥቶ ማደር አይችልም፤ የበላዩን ጀርባ እያጠበ፣ ድስት እየፈተገ ነው የሚኖረው። ኦኪናዳ ከዚያ ሕይወት ለመውጣት የወጣትነት ዘመኑን ጨርሶበታል። አሁን ደግሞ የሁለተኛው እርከን ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ካሸነፈ ይቆያል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል። ታምሜ ቀረሁ ቢል የቀረባቸው ቀኖች በሙሉ ሽንፈት ሆነው ይቆጠሩበታል። ሕጉ ሕመምን አያውቅም።

ዓርብ ዕለት አሸነፈ። የተጎዳውም አሸንፎ ነው። ተጋጣሚውን ገፍቶ ከክቡ ሲያስወጣው ሁለቱም ተያይዘው ከአፈሩ መድረክ ቁልቁል ተወረወሩ፤ ያ ሁሉ ሥጋ ቀኝ ጉልበቱ ላይ አረፈ። እኔ በቤተ መቅደሱ ማድ ቤት ሆኜ በቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። ተነሣ፣ መድረኩ ላይ ወጣ፣ ዳኛው ድሉን ሲሰጠው ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ሲወርድ ግን የቀኝ እግሩ ተረከዝ መሬት አልነካም። የያዝኩትን ጭልፋ የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ማግስቱ አላወቅኩም።

ሐኪሙ የጉልበቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ «ጅማቱ ግማሽ በግማሽ ተበጥሷል። ከዛሬ ጀምሮ ማረፍ አለብህ» አለው።

«እሺ» አለ ኦኪናዳ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ግን፣ «እትዬ፣ ለመምህር ቀለል አድርገው ይንገሩልኝ» አለኝ።

«ምኑን ላቅልለው? ጉልበትህ ሐብሐብ አክሏል።»

«ሰፊ ሱሪ እለብሳለሁ።»

«ነገ መድረክ ላይም በሱሪ ልትወጣ ነው?»

ሳቅ እንኳ አላለም። መስኮቱን እያየ፣ «እናቴ ነገ ትመጣለች። የመንደሩን ሰው ይዛ። መርከቡን ተሳፍረዋል፤ ከዚያ ወዲህ በአውቶቡስ ነው። ወደዚህ እርከን ከወጣሁ ወዲህ አይታኝ አታውቅም» አለ።

ባለቤቴ በጊዜው እንዲሁ ቁስሉን ደብቆ እየታገለ ነው ጉልበቱን የጨረሰው፤ እስከ ዛሬ ደረጃ የሚወርደው እንደ ሸርጣን በጎኑ ነው። የራሱን ታሪክ ግን ለልጆቹ አንድ ቀን አውርቶላቸው አያውቅም።

ራት ላይ ባለቤቴ ብዙ አልጠየቀውም። «ሐኪሙ ምን አለ?»

«እረፍ አለኝ።»

«አንተስ?»

«እጋጠማለሁ።»

«ጠዋት እናያለን» ብሎ ወደ ሾርባው ተመለሰ። እኔ ንጹሑን ሰሃን መልሼ አጠብኩ። ለኦኪናዳ እናት ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። ወጥቼ ግቢውን ዞርኩና ተመልሼ ደወልኩ። ለምን እንደምደውል እንኳ አላውቅም፤ ብታነሣው «ልጅዎን ተው ይበሉት» ልላት ይሁን «አይዞህ ይበሉት» ልላት፣ እግዜር ይወቀው።

ጠዋት ልጆቹ ከጓሮው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለው የልምምድ ክብ ላይ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ባለቤቴ መጣ። የታጋይ መቀነቱን ታጥቋል። መምህር ከሆነ ወዲህ ታጥቆት አያውቅም፤ ሆዱ ላይ እንዴት እንደደረሰለት እንጃ። ሁሉም ባሉበት ደረቁ።

«ሹንጂ» አለ። በመድረክ ስሙ ሳይሆን እናቱ ባወጣችለት ስም ነው የጠራው። «ና ግፋኝ። ከክቡ ካስወጣኸኝ ዛሬ ትጋጠማለህ። ካቃተህ ታርፋለህ። ሌላ ወሬ አልፈልግም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ረሳኸው?» አልኩት ከዳር ሆኜ። ሴት እዚያ አፈር ላይ አትረግጥም፤ ሳንቃው ጫፍ ላይ ነበር የቆምኩት።

«ቺሳቶ፣ አንቺ አትግቢበት።»

ኦኪናዳ ፋሻውን አጠበቀና ወደ ክቡ ገባ። ሁለቱ ጎንበስ አሉ፣ ተያዩ፣ ተላተሙ። በር በነፋስ ተገፍቶ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ አሰሙ። ባለቤቴ እንደ ግንድ ቆመ፤ የድሮው ጉልበት አለቀለት ስል የት ተደብቆ ኖሯል? ልጁ በግራ እግሩ ብቻ እየገፋ፣ ቀኙን እየጎተተ፣ በስንዝር በስንዝር ወሰደው። የባለቤቴ ተረከዝ የክቡን የገለባ ገመድ ሲነካ ሁለቱም ያቃስታሉ። አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ያቺን እርምጃ ደግሞ በአንድ እግር መርገጥ አይቻልም። ኦኪናዳ ቀኙን አሳረፈ።

የጉልበቱን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው። ከዚያ ተያይዘው ወደቁ፣ ባለቤቴ ከታች። የእኔ አንድ እግር ከሳንቃው ወርዶ አፈሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጆቹ ማንን ቀድመው እንደሚያነሡ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ።

«ጉልበቱ ቀድሞ መሬት ነክቷል» አለ ባለቤቴ ከሥር፣ ትንፋሽ እያጠረው፤ በሱሞ ከክቡ ቀድሞ የወጣ ወይም ከውስጥ እግሩ በቀር ሌላ አካሉ ቀድሞ መሬት የነካ ይሸነፋል። «አይታችኋል። ቀድሞ ነክቷል።»

«መምህር፣ እግርዎ ከክቡ ወጥቷል» አለ ኦኪናዳ፣ እዚያው ላዩ ላይ እንደተኛ።

«አልወጣም።»

«ወጥቷል።»

ከልጆቹ አንዱ ሄዶ ከገመዱ ውጪ የተደለደለውን አሸዋ አየ። ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። «የመምህር ተረከዝ አለ» አለ፣ «መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው።»

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፤ ጎኑን በእጁ ደግፏል፤ የጎን አጥንቱ መሰበሩን በኋላ ነው ያወቅነው። አሸዋውን ራሱ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አሸንፈሃል» አለ። «ቃሌ ቃል ነው። ሂድና ተጋጠም።»

ኦኪናዳ ሊነሣ ሞከረ። እግሩ ታጥፎ መለሰው። እንደገና ሞከረ። ማንም እጁን አልዘረጋለትም፤ መምህሩ ሂድ ያለውን ሰው ማን ይይዘዋል? ሦስተኛ ጊዜ ሳይሞክር አፈሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ላቡን በክንዱ ጠረገ። አሸዋው ላይ ያለችውን የተረከዝ ምልክት ብዙ አያት።

«እትዬ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ይደውሉላቸው። ይቅርብኝ።»

ውድድሩን ለሚመራው ማኅበር ደወልኩ፤ ሁለቱንም በአንድ መኪና ሐኪም ቤት አደረስኩ። ያ የቀረው ግማሽ ጅማትም ተበጥሷል። ሐኪሙ፣ «መድረክ ላይ ከዚያ ከፍታ ቢወድቅ የባሰ ይሆን ነበር» አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ለባለቤቴ የጠዋቱን ነገር እስከ መኸር ድረስ ይቅር አላልኩለትም፤ የጎን አጥንቱን እያሸሁም ቢሆን።

የእናትየው ስልክ አሁንም ዝግ ነው። ሌላ መላ ስላልነበረኝ ወደ አዳራሹ ከነፍኩ። የደሴቱን ሰዎች ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ፀሐይ ያከሰላቸው፣ በትልልቁ «ኦኪናዳ» የተጻፈበት ጨርቅ የዘረጉ፣ ስኩዊድ የሚሉት የደረቀ የባሕር እንስሳ ሽታቸው የተለየ። እናቱን ፉሚኖን መሐል ተቀምጣ አገኘኋት። ደቃቃ ናት፤ ያንን የሚያህል ሰው ከየት አወጣችው ያሰኛል።

ፊቴን ስታይ ተነሣች። «ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም። ጉልበቱ ነው። ከውድድሩ ወጥቷል።»

«ታዲያ ምነው ፊትሽ እንዲህ የሆነ? ቁጭ በይ እስቲ፣ ውኃ ጠጪ።» ጎኗ ያሉትን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ።

«መኪና ውጪ አለ። አሁን ልውሰድዎት።»

«የልጄ ተራ እስኪደርስ እንቆይ» አለች።

ቆየን። እኔ መቀመጫው እሾህ ሆኖብኝ፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። ተራው ሲደርስ የዕለቱ ተጋጣሚው ሺኖኡሚ ብቻውን ወደ መድረኩ ወጣ። ድምፅ ማጉያው የኦኪናዳን መቅረት ተናገረ፤ ሺኖኡሚ ያለ ግጥሚያ ማሸነፉን የሚናገረው ጨርቅ ተዘረጋ። ሕዝቡ እንደ ለመደው «እህ» አለ። ሺኖኡሚ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቁጢጥ አለ፤ እንደ ሌባ ነበር የሚያፍረው።

ፉሚኖ ተነሥታ ማጨብጨብ ጀመረች።

«አንቺ፣ ለማን ነው የምታጨበጭቢው?» አላት ከኋላዋ ያለ ሽማግሌ።

«ለዚያ ልጅ። እኛ አገር አሸናፊ እንዲህ እንደ ወላጅ አልባ ብቻውን ይቆማል እንዴ?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰበና ተነሣ። በኦኪ ሁለት ሰዎች ሲታገሉ ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ያሸነፈው ሁለተኛውን ለተሸናፊው ይለቅለታል፤ ነገ በአንድ ጀልባ መቅዘፍ አለና። አንድ በአንድ ሁሉም ተነሡ። ያን የሚያህል አዳራሽ ውስጥ የእነሱ ጭብጨባ ቀጭን ነበር። ሺኖኡሚ ቀና አለ፤ እነሱ የዘረጉት ጨርቅ ላይ ያለውን ስም አነበበና ሲወርድ ወደ እነሱ ዞሮ እጅ ነሣ። ፉሚኖ ያኔ ተቀመጠች። ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ።

ሐኪም ቤቱ ሁለቱን አንድ ክፍል አስተኝቷቸዋል። እናቱ ስትገባ ኦኪናዳ አንሶላውን እስከ ፀጉር ቋጠሮው ሳበ።

«ፊቱን ምን ሆነ?» አለችኝ። «ጉልበቱ ነው አላልሽኝም?»

አንሶላው ውስጥ ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይታወቅ ነገር ተሰማ። «እማዬ፣ ያን ያህል መንገድ ለባዶ መጣችሁ» አለ።

«ማን አለህ ለባዶ? ጥሩ ልጅ አየን። አንገቱ ግን አጭር ነው።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወደ ባለቤቴ ዞረች። «እርስዎስ መምህር፣ ምን አገኘዎት?»

«ልጅሽ ወደቀብኝ።»

«ሲወለድም እንዲሁ ነበር ያደረገኝ» አለች፤ ባለቤቴ ሳቀና ጎኑን ይዞ አቃሰተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ነው። ኦኪናዳ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ዓመት ያህል አልታገለም። በየውድድሩ እርከን እርከኑን ወረደ። ክፍሉን ለቆ ከጎረምሶቹ ጋር በትልቁ አዳራሽ አደረ፤ የሐር መቀነቱ ተጣጥፎ ተቀመጠ፤ ጥቁሩን የጥጥ መቀነት ታጥቆ ድስት ሲፈትግ ማየት ለእኔ ከባድ ነበር፤ እሱ ግን ከማንም በተሻለ ይፈትግ ነበር። ሲመለስ የታገለው ገና በጠዋት፣ ወንበሮቹ ባዶ ሳሉ፣ ከትላንት ወዲያ ከመጡ ልጆች ጋር ነው። አሸነፈ። ብዙ አሸነፈ። እስከ ደሞዙ እርከን ደጃፍ ደርሶ ነበር። በሩን ግን አላለፈም፤ ሁለት ጊዜ ተቃርቦ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ። ሦስተኛውን ሳይጠብቅ የታጋይነት ምልክቱን፣ የፀጉር ቋጠሮውን፣ አስቆርጦ አገሩ ገባ።

አሁን የደሴቱ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው፤ የመርከብ ገመድ ያሥራል፣ ይፈታል። ባለፈው ስደውልለት ሳላስበው፣ «ያ ጠዋት ይቆጭሃል?» አልኩት። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ቆየ።

«አንዳንድ ቀን በጣም» አለ። «ሌላ ቀን ደግሞ ጊዜ የለኝም፣ እትዬ። መርከብ እየገባ ነው፤ መልሼ እደውላለሁ።»