የጠማቂው አፍንጫ

አፍንጫዬ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ክፉ ጉንፋን ያዘኝ፤ እሱ ሲለቀኝ ሽታንና ጣዕምን ይዞብኝ ሄደ። ሐኪሙ ጠብቅ አለኝ፣ ጠበቅሁ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። እስቲ ማን ይሙት፣ አፍንጫ የሌለውን ጠማቂ ማን ጠማቂ ይለዋል?

ከአባቴ የወረስኩት መጥመቂያ ቤት የሚያወጣው አንድ ቢራ ብቻ ነው፤ ቡናማው። ብቅሉን ራሴ እቆላለሁ፣ ራሴ እጠምቃለሁ። ድሮ ብቅሉ መድረሱን የሚነግረኝ አፍንጫዬ ነበር፤ አሁን በሰዓትና በቀለም እገምታለሁ። ቢራው ሲደርስ ለሚስቴ አንድ ብርጭቆ አቀብላትና ፊቷን አያለሁ። ቅንድቧ ካልተነሳ በርሜሉን አሽጋለሁ። ሁልጊዜም እንደ ድሮው ነው ትለኛለች። እንዲያም ሆኖ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት መጠጥ ቤቶች ተውን፤ አንደኛው ባለቤት እንዲያውም እጅህን ምን ነካው ብሎኛል።

የቀረን ተስፋ የከተማችን ትልቁ ሆቴል ነበር። መጠጥ የምትመርጥላቸው ሴት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትመጣለች ተባልን። ከወደደችው እንተርፋለን፤ ካልወደደችው በሩን መዝጋት ነው። እኔ ደግሞ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሌላ ሙያ አላውቅም። የዚያን ዕለት ብርጭቆ ስወለውል፣ ወለል ስጠርግ፣ ከበርሜሉ ወደ መቅጃው የሚሄደውን ጎማ በበረኪና ሳጥብ አረፈድኩ። ከዚያ ውሃ ለቀቅኩበትና፣ እንደ ሠላሳ ዓመት ልማዴ፣ መጥራቱን ለማወቅ የጎማውን ጫፍ አሸተትኩ። ምንም አልሸተተኝም። ጠርቷል ብዬ ገጠምኩት።

ሴትዮዋ በሰዓቷ መጣች፤ ነገር የማታበዛ፣ ትሁት ሴት ናት። እኛ ቤት ጠማቂው ሳይቀምስ እንግዳ አይቀምስም፤ የአባቴ ሕግ ነው። ለሁለታችን ቀዳሁ። አረፋው ያምር ነበር። ቀስ ብዬ ተጎነጨሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ የማይሰማኝን ጣዕም ዘረዘርኩላት፤ የተቆላውን ብቅል፣ ኋላ የምትመጣውን ቀለል ያለች ምሬት። ለቀባሪው ማርዳት ማለት ይህ ነው።

እሷ ብርጭቆዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሳትጠጣ መለሰችው። ትንሽ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙት» አለችኝ።

ደግሜ ተጎነጨሁ። ፈገግም አልኩ።

በሩ ሥር ቆማ ስታየን የነበረችው ሚስቴ መጥታ ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቀችኝ። አሸተተችውና ፊቷ አመድ መሰለ።

«አንተ ሰው፣ በረኪና እየጠጣህ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውሃ አምጥታ አፌን እያስጉመጠመጠችኝ ነው የተናገርኩት።

«አይሸተኝም» አልኩ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ጣዕምም አይሰማኝም።»

እንግዳዋ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎማው ይቅርና ከበርሜሉ አፍ ይቀዳልኝ አለች፤ ሚስቴ በጆግ ቀዳችላት። ቀመሰች፣ ከሌላ በርሜልም አስቀዳችና ቀመሰች። ብቅሉ አሯል አለችን፣ በሁለቱም። ከልቧ አዝና ይቅርታ ጠይቃን ወጣች።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር ሚስቴን ጠየቅኋት።

«አንቺስ? እንደ ድሮው ነው ስትዪኝ የከረምሽው ምንድን ነው?»

ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እኔ ቢራ መች ይገባኛል?» አለች። «ለእኔ ሁሉም መራራ ነው። ስትሰጠኝ ፊትህን አያለሁ። ፊትህ ደህና ከሆነ፣ ደህና ነው እላለሁ።»

እሷ ፊቴን፣ እኔ ፊቷን። ለካ ሦስት ወር ሙሉ ያንን ቢራ በዚህ ቤት የቀመሰው ሰው የለም።

ተነስተን በርሜሎቹን አንድ በአንድ ከፈትናቸው። ቢራው በፍሳሽ ቦዩ ሲወርድ፣ ያረረ ይሸታል አለችኝ። ምን አደርጋለሁ፣ አመንኳት።