የመኮንን አሜን

"እማማ፣ ዛሬ ወደዚያ ትምህርት ቤት ልመለስ ነው?"

አያቷ እትዬ ብዙአየሁ ወይን ጠጁን ጃኬት የመጨረሻ ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገሉ ነበር። ልጅቷ አድጋለች፤ ጃኬቱ ግን ካምና ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተሰቀለ ነው። ትናንት ግራና ቀኙን ፈትተው ቢያሰፉትም አሁንም ሆዷ ላይ ይይዛታል።

"ቀጥ በዪ፣ ሀሴትዬ። ዎከርሽን ያዢ፣ እንዳትወድቂብኝ።"

"ጠየቅሁሽ እኮ፣ እማማ።"

"ሰማሁ። አፍሽን ጥረጊ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው።"

ሀሴት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ አልታዘዝ ብለዋት፣ ዎከር በሚባለው የብረት ምርኩዝ ተደግፋ ነው የምትራመደው። ንግግሯም ቀስ ይላል፤ አንዱን ቃል አውጥታ ሌላውን እስክታመጣ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጭንቅላቷን በተመለከተ ግን አያቷ "ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ለመኮንንም ቢቀነስለት አይጎዳትም" ይላሉ።

አምና ሜልበርን፣ ፖይንት ኩክ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የክርስቲያን የግል ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር። እናቷ ሙሉመቤት በደስታ አለቀሰች። ጃኬቱ ተገዛ፣ ፎቶው ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ተላከ። ወር ሳይሞላት ግን ሙሉመቤት ተጠርታ ልጅሽን ውሰጂ ተባለች። መጀመሪያ ለረዳት የሚሆን ገንዘብ የለንም አሉ። ገንዘቡ ከመንግሥት መጥቷል ስትላቸው ደግሞ ልጅቷ ክፍሉን ወደ ኋላ ትጎትታለች፣ ወላጆችም አጉረምርመዋል አሉ። ይህን የነገራት ሌላ ሰው አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱ የቦርድ አባልና የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ መኮንን ነው።

መኮንን! ተማሪ ሆኖ ሜልበርን ሲገባ፣ ፍሌሚንግተን በሚባለው ሰፈር የመንግሥት ፎቅ ላይ በነበረችው ጠባብ ቤታቸው ሶፋ ላይ ክረምቱን ሙሉ ያደረ መኮንን። እትዬ ብዙአየሁ ካልሲውን ሳይቀር ያጠቡለት መኮንን።

ዛሬ ያው ሰው የምርጫ ዕጩ ይዞ አሁን የሚኖሩበት ሴንት አልባንስ ድረስ ሊመጣቸው ነው። የስቴቱ ምክር ቤት ምርጫ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ዕጩዋ ሚሼል የምትባል ሴት ናት፤ ከተመረጥሁ አካል ጉዳት ላለበት ልጅ ሁሉ ቫውቸር፣ ማለት መንግሥት የሚከፍለው የትምህርት ገንዘብ ወረቀት፣ አሰጣለሁ፣ ወላጅ ያንን ይዞ ወደ ወደደው የግል ትምህርት ቤት ይሄዳል ትላለች። ለቅስቀሳዋ የልጅ ፎቶ አስፈለጋት። መኮንን ደግሞ ሀሴት ትዝ አለችው።

ሙሉመቤት ፀጉሯን እያሰረች ከመኝታ ቤት ወጣች። ሌሊቱን በአረጋውያን መኖሪያ ስትሠራ አድራ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። ጃኬቱን ስታይ እጇ ፀጉሯ ላይ ቀረ።

"እማዬ! ምንድን ነው ያለበስሻት?"

"የትምህርት ቤት ልብሷን።"

"ይሄ የትምህርት ቤቷ አይደለም!"

"ተገዝቶላት የለም? ልትለብሰው አይደል እንዴ የተገዛው?"

"ነገር ፈልገሻል። እባክሽ እማዬ፣ ዛሬን ብቻ አፍሽን ያዢልኝ። ቫውቸሩ ሲወጣ ቀድማ የምትገባው ሀሴት ናት ብሎኛል ጋሽ መኮንን። ቃል ገብቶልኛል።"

"ያኔም ገብቶልሽ ነበር።"

"ያኔ ገንዘቡ..."

"ገንዘቡማ መጥቶ ነበር፣ ልጄ። ገንዘቡን ጠሉት? የጠሉት ልጅቷን ነው። ደግሞ ይሄ ቫውቸር ከየት ተቆርጦ የሚመጣ ይመስልሻል? ከነሚስ ሊን ላይ አይደለም እንዴ? ርዕሰ መምህሯ ቁጭ አድርጋ የነገረችሽን ረሳሽው?"

ሚስ ሊን ሀሴት አሁን በምትማርበት፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሀሴትና የሁለት ሌሎች ልጆች ረዳት ናት። ሀሴትን ከመኪና አውርዳ ትቀበላለች፣ እርሳስ ታስይዛለች፣ ሽንት ቤት ታደርሳለች። ገንዘቡ ልጅ ልጁን ተከትሎ ወደ ግል ትምህርት ቤቶች ከሄደ፣ ለሚቀሩት ልጆች ሙሉ ቀን የምትውል ረዳት ማቆየት አንችልም ብላለች ርዕሰ መምህሯ። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ብዙአየሁ እንቅልፍ የላቸውም። ማን ያወርዳታል? ብትወድቅስ? ሽንቷ ቢመጣ ለማን ትናገራለች?

"አልረሳሁም" አለች ሙሉመቤት። "አንድ ጊዜ እንኳ ጥሩ ነገር ይድረሳት ብዬ ነው። አንድ ጊዜ።"

እትዬ ብዙአየሁ ጃኬቱን ላውልቅላት ይሆን ብለው እጃቸውን ሰደዱ፤ ግን ያች የመኮንን ካልሲ ትዝ አለቻቸውና እጃቸውን መለሱ።

እዚህ አገር ሲመረጥ አንድ ሰው ላይ ምልክት አድርጎ መውጣት የለም። ዕጩዎቹን ሁሉ ከአንደኛ እስከ ውራ በቁጥር መደርደር ግዴታ ነው። እትዬ ብዙአየሁ ዜግነት ካገኙ ወዲህ ከምርጫው ሁሉ የሚጥማቸው ውራዋን ቁጥር መጻፍ ነበር፤ እርሳሱን ጫን ያደርጉባታል። ሚሼልን ውራ ሊያደርጓት ከቆረጡ ሰንብተዋል። የሚቆጫቸው የመኮንን ስም ወረቀቱ ላይ አለመኖሩ ነው።

ደወሉ ጮኸ።

መኮንን በሙሉ ልብስና በሙሉ ፈገግታ ገባ። "እትዬ ብዙአየሁ! እንዴት ሰነበቱ እናቴ?" ብሎ ጎንበስ ሲል ከትከሻቸው በላይ ሀሴትን አያት። ፈገግታው እንደተከፈተ ደረቀ።

ሚሼል ከኋላው ተከትላ ገባች፤ ስልኳን በእጇ ይዛለች። ጃኬቱን ስታይ እንዴት ያለ ቆንጆ ዩኒፎርም ነው፣ ለፎቶ ደምቆ ይታያል አለች።

"እትዬ" አለ መኮንን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌላ ልብስ ብትለብስ አይሻልም?"

"ምነው፣ የእናንተ አይደለም እንዴ? ቀለሙ ለቀቀ?"

"ኧረ እንደሱ ሳይሆን..."

"ተቀመጥ፣ መኮንን። ሶፋው ያው የጥንቱ ሶፋ ነው፤ ያውቅሃል።"

መኮንን ተቀመጠ። ነገር ሲጠብበት መውጫው ጸሎት መሆኑን ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ያውቃል፤ አሮጊቷንም በክብር ማለዘብ ፈለገ። "በሉ በጸሎት እንጀምር። እርስዎ እናታችን ነዎት እትዬ፤ ይጸልዩልን።"

ሙሉመቤት ደነገጠች። እትዬ ብዙአየሁ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሎት የሚያቋርጥ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አላዩም።

"አባት ሆይ፣ እንግዳ ወደ ቤታችን ስላመጣህ ተመስገን።"

"አሜን!" አለ መኮንን፤ ለሚሼልም በጆሮዋ ተረጎመላት።

"ይህችን ልጅ ስለሰጠኸን ተመስገን።"

"አሜን! አሜን!"

"እግሯን እንዲህ ያደረግኸው አንተ ነህ፣ አእምሮዋንም እንዲህ ያበራኸው አንተ ነህ፤ ሥራህን የሚነቅፍ ማነው?"

"ማንም! አሜን!" ሃያ ዓመት አሜን ያለ አንደበት እየሞቀው ሄደ፤ መኮንን መወዛወዝም ጀመረ።

"ልጅን እልል ብለው አስገብተው ወር ሳይሞላት የመለሱትን አንተ ታውቃቸዋለህ።"

"አሜን!"

"ክፍሉን ወደ ኋላ ትጎትታለች ያለውን ምላስ አንተ ሰምተሃል።"

"አሜ..."

ተሰበረች። እትዬ ብዙአየሁ ዓይናቸውን ሳይገልጡ የተሰበረችውን አሜን አጣጣሟት። ከማር ይልቅ ጣፈጠቻቸው።

"አምና አናያትም ብለው፣ ዘንድሮ ለፎቶ ፈልገዋት መጥተዋል። እኔ አርጅቻለሁ፣ ጉልበት የለኝም። አንተ ፍረድ። አሜን።"

ይህን አሜን የተቀበለ አልነበረም። ከሐዲዱ መሻገሪያ የባቡሩ ደወል ይሰማል። ሚሼል አንገቷን ዘንበል አድርጋ ምን አሉ ብላ ጠየቀች።

መኮንን፣ እናታችን ለልጆች ሁሉ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገኝ እየለመኑ ነው አለ በእንግሊዝኛ።

"ኖ!" አለች ሀሴት።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ዎከሯን ጨብጣ ቆማ ነበር። "ኖ። እንደሱ አላለችም።" ከዚያ በእንግሊዝኛዋ ቀጠለች፤ አንዱን ቃል አውጥታ ሌላውን እያመጣች፣ የአያቷን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመችው። መኮንን በመካከል ሊገባ ሲሞክር እጇን እንደ አስተማሪ ከፍ አደረገች፤ ጠበቃት። እትዬ ብዙአየሁ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባቸውም። ትርጉሙን ያነበቡት ከመኮንን አንገት ላይ ነው፤ መጀመሪያ ከኮሌታው በላይ ቀላ፣ ቀጥሎ ጆሮው፣ ቀጥሎ ላብ።

ሚሼል መኮንንን አንድ ነገር ጠየቀችው። አጭር መልስ ሰጣት።

"ምን ተባባሉ፣ ሀሴትዬ?"

"ቫውቸር ቢኖራት ኖሮ ግዴታ ትቀበሏት ነበር ወይ አለችው።"

"እሱስ?"

"የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው አለ።"

"ተናገራት!" እትዬ ብዙአየሁ ጉልበታቸውን መቱ። "የቅስቀሳ ወረቀታችሁ ላይ ወላጅ ይመርጣል ብላችሁ የለም እንዴ መኮንን? እኛ መራጭ ነን ወይስ ተመራጭ? ቁርጡን ንገረንና እንረፍ!"

ሚሼል ሰዓቷን አየች። ሌላ ቀጠሮ እንዳላት፣ መኪና ውስጥ እንደምትጠብቅ ተናገረች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ እናትየዋ ከፈቀደች ልብሱን ቀይሩላትና ውጭ በደረጃ ፈንታ የተሠራው ራምፕ ላይ እናንሣት አለች፤ ይህን ያለችው ፈገግ ብላ ነው።

በሩ እንደተዘጋ መኮንን ወደ ሙሉመቤት ዞረ። "እናቷ አንቺ ነሽ። እትዬን ዕድሜ ነው ያናገራቸው፣ አልቀየምም። ልብሱን ቀይሪላትና ታውጣ። ቦታዋን እኔ ራሴ አስጠብቃለሁ። አለዚያ ግን ሌሎች ወላጆችም እየጠየቁኝ ነው። እሑድ እሑድስ ፊት ለፊት እንዴት እንተያያለን?"

ሙሉመቤት እናቷን አየቻቸው። "ደስ አለሽ አሁን?"

"ደስ ብሎኛል" አሉ እትዬ ብዙአየሁ። እውነታቸውን ነበር።

"እሱ ለፎቶ ፈለጋት፤ አንቺ ደግሞ ለቂምሽ አለበስሻት። ልመለስ ነው ብላ እኮ ነው እዚህ የቆመችው።"

ይህኛው ወጋቸው። ቀና ሲሉ ሀሴት የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ዎከሯ ላይ አንጠልጥላ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋለች።

ሙሉመቤት ልጇ ፊት በርከክ አለች። የጃኬቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፤ አንዱን እጅ አወጣች፣ ዎከሩን አስያዘቻት፣ ሌላውን አወጣች። መኮንን ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። "ጎሽ! ያችን ነጯን ቀሚስ አልብሻት" አለ። ያ ሁሉ ጸሎት ባዶ ቀረ አሉ እትዬ ብዙአየሁ በልባቸው።

"እማ፣ ልመለስ ነው?" አለች ሀሴት።

"አትመለሺም፣ የኔ ቆንጆ። ሰኞ ሚስ ሊን ጋ ነሽ።"

ሙሉመቤት ተነሣች። ጃኬቱን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የተሰፋውን አርማ ወደ ላይ እያስተካከለች በጥንቃቄ አጣጠፈችው። ከዚያ ሄዳ መኮንን ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ በሩንም ከፍታ ያዘችለት።

መኮንን ጃኬቱን አየ። ሙሉመቤትን አየ። በመጨረሻ እንደ ድሮው ያስታርቁት ይመስል ወደ እትዬ ብዙአየሁ ዞረ።

እትዬ ብዙአየሁ እንግዳ እስከ አጥሩ በር ሳይሸኙ፣ ጌታ ይምራህ ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። ለመኮንን ደግሞ ዓመት ሙሉ ያሰቡት አንድ የመጨረሻ ቃል አፋቸው ላይ ነበር። ሁለቱንም ዋጡ። ሀሴትን ወደ ጉያቸው ስበው የበረደ ክንዷን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከወንበራቸውም አልተነሡም።

መኮንን ወይን ጠጁን ጃኬት በክንዱ ላይ ይዞ ወጣ።