ተራውን የጠበቀ አረም

በግጦሽ መሬቱ ላይ የበቀለው ቅንጨ አረም ነሐሴ ሲገባ መራመድ ጀመረ። በቀን ዐሥር እርምጃ ይሄዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቆማል። ማክሰኞ ጠዋት መንደሩ ጫፍ ላይ ካለው የጦይባ ቤት ደጃፍ ደረሰ።

ጦይባ ባሏ የሞተባት፣ በሦስት ላሞች የምትተዳደር ሴት ናት። አረሙን ደጇ ላይ ስታየው አልጮኸችም። ላሞቿ ከሳሩ ጋር እየበሉት ወተታቸው መሮ ከረመ። በእጇ ልትነቅለው ብትሞክር ክንዷ ተላላጠ። አሁን ደግሞ ቤቷ ድረስ መጣ። ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ጋሽ ሙሄን ልትጠራ ሄደች።

ጋሽ ሙሄ የመንደሩ ፀረ አረም ረጪ ናቸው። የግብርና ባለሙያዋ ያሠለጠነቻቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካለቻቸው ግን አንዲት ቃል አልረሱም። ሲመጡ የጦይባ ጎረቤት ካሳው እሷ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ጋሽ ሙሄ፣ መድኃኒቱን እጥፍ አድርገው ይበጥብጡትና ዛሬውኑ ይገላግሉን» አለ።

«ዛሬ ነፋስ አለ። መድኃኒቱን ወደምንጠጣው ምንጭ ይወስደዋል» አሉ። «መጠኑም ተጽፏል፤ እጥፍ አይልም።»

«እስከ ነገ ቤቷ ይገባላ!»

«ይግባ። ይወጣል።»

ከሰዓት በኋላ አረሙ ገባ። ጦይባ ሳል ስላጣደፋት እነካሳው ቤት አደረች።

በማግሥቱ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። ጋሽ ሙሄ ቱታቸውን፣ ቦቲያቸውን፣ ጓንታቸውንና መነጽራቸውን አደረጉ። ጭምብሉን ከማጥለቃቸው በፊት በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡ። አረሙ ነጫጭ አበባዎቹን ደፍቶ አዳመጠ።

«ቤት ውስጥ አይረጭም» አሉት በበሩ በኩል።

አረሙ ወጣ።

«ከምንጩ ራቅ በል።»

ራቀ፤ ከዚያም ተሰለፈ። ጋሽ ሙሄ መርጫቸውን አዝለው ከጫፍ ጀመሩ። የተረጨው ሁሉ ወደ በቀለበት ቦታ እየተመለሰ ሥሩን መሬት ውስጥ ይከታል። ከመካከሉ አንዱ ተራው ሲደርስ «ያማል ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አላውቅም» አሉ። «ወረቀቱ ላይ የለም።»

ሲጨርሱ ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቀለቁት፤ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምረው አረሙ ላይ ረጩት። ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት ዕቃውን በሚስማር በሱት። ከዚያ ታጥበው ከብት እንዳይገባ የግጦሹን በር ዘጉና አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

በዘጠነኛው ቀን አረሙ ደርቆ ነበር። ሥር ሥሩን ሳሩ ለምልሟል። ላሞቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጮኻሉ፤ የትንሿ ላም ጎድን ይቆጠራል። ጦይባ መጥታ እጇን በሩ ላይ አሳረፈች።

«ዘጠኝ ቀን አይበቃም፣ ጋሽ ሙሄ?»

«ወረቀቱ ዐሥራ አራት ነው የሚለው።»

«እርስዎ ላም የለዎትም።»

«የለኝም።»

ልትቆጣ ብላ ቀና ስትል ፊታቸውን አየችው። ፀሐይ አክስላዋለች፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ላም የሌላቸው ሰውዬ ለሷ ላሞች ሲሉ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከዚያ ድንጋይ አልተነሡም። ቁጣዋ የት እንደ ጠፋ አላወቀችም። እጇን ከበሩ አንሥታ ማጭዷን ያዘችና ከመንገድ ዳር ሳር እያጨደች ላሞቿን አምስት ቀን በሸክም መገበች።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። ከሳምንት በኋላ ግጦሹን ሊያዩና ቱታቸውን ሊወስዱ ብቅ ሲሉ ጦይባ የመጀመሪያውን ጣፋጭ ወተት በትልቅ ዋንጫ ይዛላቸው መጣች። ተቀብለው ቀመሱ።

«ወተት ነው» አሉ።

ዋንጫውን መልሰው፣ ታጥቦ የደረቀውን ቱታቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው በወንዙ ዳር ወደ ቤታቸው አቀኑ። ጦይባ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከወንዙ ማዶ፣ በሌላው መንደር መሬት ላይ፣ ቅንጨ አረም እስከ ተራራው ግርጌ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ሙሄ በወዲህኛው ዳር ከፊት ለፊቱ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። አልፈው እስኪሄዱም ድረስ አልተቀመጠም።